የኑኃሚን ስድስት ዲግሪ

ኑኃሚን ተሳስታ አታውቅም ማለት ውሸት ነው፤ ተሳስቻለሁ ብላ ግን አታውቅም። አሥራ አንደኛ ክፍል በገባች ዓመት ከክፍል ጓደኛዋ ከሳሚር ጋር «ድገመው» የሚባል የወጣቶች የሳይንስ መጽሔት ኢንተርኔት ላይ ከፈቱ። እሱ ድረ ገጹን ይሠራል፣ እሷ ዋና አዘጋጅ ናት። መጽሔቱ ስሙን ያገኘው ከሕጉ ነው፤ አንድ ተማሪ የሠራውን ሙከራ ሌላ ተማሪ በሌላ ሰፈር ደግሞት ያንኑ ውጤት ካላገኘ ጽሑፉ አይወጣም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ኑኃሚን ናት። በዚህ ሕግ የስንቱን ጽሑፍ መለሰች መሰላችሁ! ውሃ ቀጠነ ባይ ናት ብለው ያሟታል፤ እሷም ሐሜቱን ስትሰማ ደስ ይላታል።

አሁን ግን ተራው የራሷ ጽሑፍ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢያቸው የትልቁን ክፍል ቆርቆሮ ኖራ ቀባች፣ የጎኑን ዕቃ ቤት እንዳለ ተወችው፣ ከዚያ ሠላሳ ቀን ሙሉ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሁለቱንም ሙቀት ለካች። ኖራ የተቀባው ክፍል ከሌላው በስድስት ዲግሪ ቀዝቅዞ ተገኘ። ስድስት! ድሬዳዋ ላይ፣ ያውም በሚያዝያ፣ ስድስት ዲግሪ ማለት እንቅልፍ ወስዶህ በመዋልና ስትገላበጥ በመዋል መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ነገሩ ከመጽሔትም አልፎ ነበር። የትምህርት ቤታቸው ዘጠነኛ ክፍሎች ኮርኒስ የላቸውም፤ ጣሪያቸው ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ ተማሪዎቹ ተጠብሰው ነው የሚወጡት። ዳይሬክተሩ አቶ ዘርዓብሩክ «ስድስት ዲግሪው ተረጋግጦ ይውጣ እንጂ ኖራውን እኔ አስቀባለሁ» ብለው ቃል ገብተዋል። ኑኃሚንም ወሬውን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አዳርሳለች።

ሙከራውን የምትደግመው ሃሊሞ ሆነች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ቤቷ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ነው፣ ብዙ አታወራም። ከዐሥር ቀን በኋላ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ሁለት ነው» አለች።

«ምኑ ሁለት?»

«ዲግሪው። ሁለት ብቻ ነው የቀነሰው።»

ኑኃሚን ሳቀች። «ቴርሞሜትርሽ ሞቷል፣ የኔ ቆንጆ።»

«አልሞተም፣ አቦ! ወላሂ፣ ስድስት እንዲሆን ካንቺ በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የምቀመጠው እኔ ነኛ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ኑኃሚን ቴርሞሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ የሃሊሞን ስህተት ልትለቅም በባጃጅ ቀፊራ ወረደች። ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው፤ እኩል አነበቡ። መሰላል ወጥታ ጣሪያውን አየች፤ ኖራው ከእሷም የተሻለ ተቀብቷል። መስኮቱን፣ በሩን፣ መጋረጃውን ሳይቀር መረመረች። የሃሊሞ እናት ቅመም ስለምትሸጥ ቀኑን ሙሉ ገበያ ናት፤ ቤቱ ውስጥ ነገር የሚነካካ ሰው የለም። እንከን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች። ኑኃሚን ተናደደች፤ የተናደደችው ሃሊሞ ስላልተሳሳተች ነው።

«በቃ፣ አሁን ደግሞ እኔ ያንቺን ልይ» አለች ሃሊሞ።

«የኔ ምን ይታያል?»

«ሕጉ ነዋ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ሃሊሞ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሳቢያን ደረሰች። ሰዓቱ ሲሞላ ኑኃሚን የትልቁን ክፍል በር ከፈተችላት። ሃሊሞ እንደ ቤቷ ልማድ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች፣ በባዶ እግሯ አንድ እርምጃ ገባችና ቆመች። ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች።

«ይሄ ውሃ ምንድን ነው?»

«የቱ ውሃ?» አለች ኑኃሚን።

አስመስላ አልነበረም። ኑኃሚን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም፣ አባቷ ከኢንዱስትሪ ፓርክ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ መጥቶ ጋደም ከማለቱ በፊት፣ ቤቱ እንዲቀዘቅዝ ሲሚንቶ ወለሉን ውሃ ትረጫለች። ድሬ ውስጥ ይህን የማያደርግ ቤት ስንት ነው? ሠላሳ ቀን ሙሉ ኑኃሚን እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ቴርሞሜትር አንብባለች። የነፋሱን አቅጣጫ ጽፋለች፣ ደመናውን ጽፋለች፣ የቆርቆሮውን ዕድሜ ሳይቀር ጽፋለች። ውሃውን አልጻፈችም። ዕቃ ቤቱን ደግሞ ማንም አይረጨውም።

«እማዬ!»

እናቷ ባዶውን ጆግ እንደያዘች ብቅ አለች።

«በየቀኑ ነው የምትረጪው?»

«አባትሽ ይቃጠልልሽ እንዴ?» ልጆቹ ነገሩን ሲያስረዷት ግን ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያው አራቱን ዲግሪ ያመጣሁት እኔ ነኛ! በሉ ስሜን ጻፉልኝ።»

ኑኃሚን አልሳቀችም። አፈረች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብም ጥሩ አልነበረም፣ አንደብቀውም። ሃሊሞን ዝም ማሰኘት ፈለገች።

«ሁለት ካልን ዳይሬክተሩ ኖራውን አይገዙም እኮ» አለቻት። «ክፍልሽ እንደዚያው ሊቀር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እና ነገ ሳይረጭ እንለካዋለን።»

ኑኃሚን ልጅቷን አተኩራ አየቻት። ያንን ሕግ ስታወጣ የተመኘቻት ተማሪ ይቺው ነበረች፤ ብቻ በእኔ ላይ ትመጣለች ብላ አላሰበችም። ንዴቷ በረደ፤ እንዲያውም ኮራችባት። «ሃዬ» አለች በሃሊሞ ቋንቋ በሶማሊኛ፣ እሺ ስትላት፣ «እንለካለን።»

ሰባት ቀን ሳይረጭ ለኩ፤ አባቷም ሰባት ቀን እያጉረመረመ ተኛ። ሁለት ዲግሪ ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ተኩል። ኑኃሚን ጽሑፉን እንደገና ጻፈችው። አናቱ ላይ «ስድስት ዲግሪ ብዬ ያወራሁት ስህተት ነው። ወለሉ በየቀኑ ውሃ እንደሚረጭ አልመዘገብኩም። ስህተቱን ያገኘችው ሃሊሞ ናት» ብላ አሰፈረች። ሳሚር «ይሄን በትንሽ ፊደል ግርጌ ላድርገው?» ቢላት «በትልቁ፣ ከላይ» አለችው። ዓርብ ዕለት ወጣ።

ሰኞ አቶ ዘርዓብሩክ ሁለቱንም ቢሮ አስጠሯቸው። ጽሑፉ ስልካቸው ላይ ተከፍቷል።

«ስድስት አልነበረም ያልሽኝ?»

«ተሳስቼ ነው» አለች ኑኃሚን። ቃሉ ሲወጣ እንደፈራችው አልከበዳትም።

«እኔ ቃል የገባሁት ለስድስቱ ነው።»

«አውቃለሁ ቲቸር። ያለን ሁለት ነው።»

አቶ ዘርዓብሩክ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስቱን ብታወጡት ማን ያውቅባችሁ ነበር?»

ኑኃሚን ወደ ጎኗ ጠቆመች። «እሷ።»

ዳይሬክተሩ ሃሊሞን አዩዋት። «አንቺ ያው ቆርቆሮ ሥር አይደለሽ እንዴ የምትማሪው?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«እና ሁለት አልሽ።»

«ሁለት ነዋ።»

አቶ ዘርዓብሩክ መሳቢያቸውን ስበው የግዥ መጠየቂያ ወረቀት አወጡና መጻፍ ጀመሩ። «ሁለቱን ዲግሪ እኔ እገዛለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አራቱን ደግሞ እናንተ ጆግ ይዛችሁ አምጡ። የክፍሉ ወለል ሲሚንቶ ነው፤ በየተራ ትረጫላችሁ።»

ኑኃሚን ከቢሮው እንደወጣች ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማዬ» አለች፣ «ስምሽን እንጽፋለን።»