«በሃያ ውጡ»

ብዌምቢያ ያን ወሬ የሰማችው ገና ልጅ ሳለች፣ በረንዳ ላይ ጋደም ብላ ነው። አባቷና አንድ የሥራ ባልደረባው ግቢው ውስጥ ያወጉ ነበር። ወሬው ከእንቅልፏ ጋር ተደባልቆ እኩሌታው ጠፍቶባታል። የቀራት ይህን ያህል ነው፦

«ሃያ ምን እንደሆነ አትጽፍበትም እንዴ?»

«ቀለሙ አለቀብኛ። ደግሞስ ማን የማያውቅ አለ?»

ከዚያ ሳቁ። ቀለም ያለቀበት አባቷ ይሁን ሰውየው፣ እሱን አታስታውስም። ያ ያወሩለት ሰሌዳ ግን ዛሬም አለ። ከመዳብ ጉድጓዱ ግርጌ፣ የመውጫው ዳገት ከሚጀምርበት ቦታ ቆሞ በቀይ ቀለም «በ20 ውጡ» ይላል።

ሃያው ቮልት በሴንቲሜትር ነበር። ደመና ሲከብድ በሰማይና በምድር መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መስክ እየበረታ ይሄዳል፤ መለኪያው ሃያ ካለ መብረቅ ቀርቧልና ፈንጂ የሚቀብሩት ሰዎች ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ። አሮጌው መለኪያ ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ ሞተ። በምትኩ የመጣው የሚቆጥረው በኪሎቮልት በሜትር ነው። አንድ ሺህ ቮልት ለመቶ ሴንቲሜትር ቢካፈል ለእያንዳንዱ አሥር ይደርሰዋል፤ ስለዚህ የአዲሱ አንድ የአሮጌው አሥር ነው፣ የድሮው ሃያ ደግሞ ሁለት። አዲሱን የተከለው መሐንዲስ ይህን እላይ አፋፉ ላይ ባለችው ክፍል መለኪያውን ለምትጠብቀው ለብዌምቢያ አስረድቷት ሄደ። እሷም ለፈንጂ ሠራተኞቹ ካቦ ለካሶንዴ ነገረችው። ካሶንዴም «እሺ ባማዮ፣ እሺ እናቴ፣ ገብቶኛል» አላት፤ የደከመው ሰው እሺ እንደሚለው።

ማን ያልደከመው ነበር? ዝናቡ ከገባ ወዲህ ሰማዩ ሳያጉረመርም የዋለበት ቀን የለም። ይወጣሉ፣ ደመናው ይበተናል፣ ተመልሰው ይወርዳሉ። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ በከንቱ መጮኹ ሰውን ስላማረረ አለቆቹ ዘጉት። የቀረው በመገናኛ ሬዲዮ የሚሄደው የብዌምቢያ ድምፅ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ንሺማዋን፣ የበቆሎ ገንፎዋን፣ በልታ ሳትጨርስ በኮንጎ በኩል ደመና ተነሣ። እጇን ተለቃለቀችና ወደ መለኪያው ዞረች።

«ባ ካሶንዴ» አለችው በሬዲዮው፣ በአገሩ የአክብሮት አጠራር፤ «አንድ ነጥብ ስድስት ገብቷል። ሰዎቹን ያዘጋጁ።»

«ለአንድ ነጥብ ምናምን? ኧረ ተይኝ ባማዮ! ትላንት አወጣሽን፣ ከትላንት ወዲያ አወጣሽን። እግዜር ጉልበት የሰጠኝ ለዚህ ዳገት ብቻ ነው እንዴ? ሰሌዳው ሃያ ይላል።»

«የሰሌዳው ሃያ የድሮው ነው። በአዲሱ ሁለት ነው፤ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ከካሶንዴ ኋላ የላክሰን ድምፅ ገባ። ላክሰን የቡድኑ ቀልደኛ ነው። «ለሁለት እላይ አፋፍ ድረስ ከሮጥን፣ ለሃያማ ሉሳካ ከተማ ልንገባ ነው!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳቃቸውም የደከመ ነበር። ሁሉም ፈንጂ በተቀበረባቸው ቀዳዳዎች መካከል ቆመዋል፤ መብረቅ አንዷን ቢያገኛት ሌሎቹ እንደማይቀሩ ብዌምቢያ ታውቃለች። እነሱም ያውቃሉ። ነገር ግን ድካም የሚያውቁትን ያስረሳል።

አልተቆጣችም። ዓይኗን ጨፈነችና «ጌታ ሆይ፣ የሚሰሙትን ቃል ስጠኝ» አለች በልቧ። ስትገልጥ መለኪያው አንድ ነጥብ ስምንት ሆኗል።

«አሥራ ስምንት» አለች።

ከሬዲዮው የካሶንዴ ድምፅ መጣ። «ምን አልሽ?»

«አሥራ ስምንት፣ በሰሌዳው አቆጣጠር። አሁን ደግሞ አሥራ ዘጠኝ።»

የካሶንዴ ድምፅ ተለወጠ። «ጣሉት! ያላችሁትን ሁሉ ጣሉና ውጡ! ላክሰን፣ ሳቅህን እላይ ትጨርሳለህ!»

የሠራተኞቹ ቢጫ ቆቦች ዳገቱን እየተጎተቱ ሲወጡ በመስኮት አየቻቸው። የመጨረሻው ቆብ ካሶንዴ ነበር፤ በየመታጠፊያው ቆም እያለ ይተነፍሳል። አፋፉ ላይ ሲደርስ መለኪያው ሁለት ነጥብ ሁለት ብሏል። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። መብረቁ ወዲያ ማዶ አንድ ጊዜ ብልጭ አለና ቁጥሩም እየወረደ ሄደ።

ካሶንዴ ርሶ ገባና አግዳሚው ላይ ተዘረጋ። «ይኸው፣ ዛሬም በከንቱ።»

«ዛሬም» አለች ሻይ እየቀዳችለት። «ባ ካሶንዴ፣ ያ ሰሌዳ ይለወጥ።»

«አይሆንም። እኔ ዛሬ ሻይ የምጠጣው በዚያ ሰሌዳ ተርፌ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ በሃያ ወጥቼ፣ ከኋላዬ ጉድጓዱ ሲነድ አይቻለሁ።»

«አትርፎዎታል። ዛሬ ግን እዚያው ሊያስቀርዎት ነበር።»

«አንቺ አለሽ አይደል? እንዳሁኑ በአሥር እያበዛሽ ትነግሪናለሽ።»

«እኔ ታምሜ የቀረሁ ዕለትስ? ሌላ ሰው እዚህ ተቀምጦ ሁለት ቢልዎት?»

ካሶንዴ ሻዩን ይዞ መለኪያውን አተኩሮ ተመለከተ። ዜሮ ነጥብ አራት ይላል።

«አራት መሆኑ ነው እንግዲህ» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ አራት።»

ጉልበቱን አሻሸ። «ሁለት ብዬ ብጽፈው ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላው ጅል ሁለት ምን ብሎ ይቆማል።»

«ሙሉውን ይጻፉታ። ኪሎቮልት በሜትር።»

«ረጅም ነው እኮ።»

«ቀለሙን እኔ አመጣለሁ። ይበቃል።»

ካሶንዴ ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ። «እሺ። ነገ ጠዋት ሰው ሳይወርድ እጽፈዋለሁ» አለ። «መሰላሉን ላክሰን ይይዛል፤ ለዛሬው ሳቁ።»