የእናቴ ጅግራ

ሐይቅ ከተማ ሬት በማሰሮ ተክዬ መንገድ ዳር የተቀመጥኩ ሰሞን ያልሳቀብኝ ሰው አልነበረም። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ሀብታም ሳሎን ውስጥ ሬት በሸክላ ተቀምጦ ማየት ለምጄ ነው የመጣሁት። የአባቴ ጎረቤት እማማ ሀጀራ ለገበያ ወርደው ደጄ ላይ ቆሙና አንዱን ማሰሮ በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ የማን መቃብር ላይ ነው የነቀልሽው?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ ራሴ ነኝ ያፈላሁት። ቤት ማሳመሪያ ነው፤ አንቱም አንድ ይውሰዱ።»

«ቤት? የሟች ራስጌ የሚተከል ነገር ቤቴ አስገብቼ ማንን ልቀብርበት ነው? አፉ በይኝ፣ እኔስ አልነካውም» ብለው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ሬት የመቃብር ነው። የሚያጠጣው ሰው ሳይፈልግ በጋውን ሙሉ ለምልሞ ስለሚከርም ከሟች ራስጌ ይተከላል። ይህን ልጅ ሆኜ አውቀው ነበር፤ ጅዳ አስረሳኝ። እልኸኛ ነኝና ሬቶቼን አልጣልኳቸውም። ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ከፊት ሌሎቹን ደረደርኩ፤ እንደ ተስቢህ ዶቃ ተሰካክቶ ቁልቁል የሚንጠለጠለውን፣ ድንጋይ ነው ብለሽ ስታልፊው አበባ የሚያወጣውን፣ አናቱ ላይ ቀይ ኳስ የተሰፋበት የሚመስለውን ትንሽ ቁልቋል። በተቆረጠ ጀሪካን፣ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ በቀለም ቆርቆሮ ተክያቸው የሚኒባስ ተሳፋሪ በመስኮት ይጠቋቆምብኝ ጀመር። ቀስ በቀስም ወርዶ የሚገዛ ተገኘ።

የካቲት ሲጋመስ፣ ብርዱ ለቀቅ አድርጎ በልግ ሳይገባ፣ የእነዚህ ተክሎች መከፋፈያ ጊዜ ነው። ከስሩ ያቆጠቆጠውን ልጅ ከእናቱ ትለይዋለሽ፣ የተቆረጠበት እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ታቆይዋለሽ፣ ከዚያ አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ታስቀምጭዋለሽ። ቁስሉ ሳይደርቅ የተተከለ ይበሰብሳል። ይህን ያስተማረችኝ የጅዳዋ አሠሪዬ ናት። ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ደግም አልነበረችም፤ ለእኔ የምትሰስተውን ትዕግሥት ለእሾህ ትሰጥ ነበር።

እዚያ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንዱን ሬት ስትከፋፍል የተረፈ ልጅ ወደ ቆሻሻ ጣለች። ወፍራም ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ በላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለበት፣ ልክ የጅግራ ላባ። ሳላስበው ከቅርጫቱ አነሳሁት። ፈሂማ የምትባል አብሮ አደጌ ያን ሰሞን ወደ አገር ልትገባ ነበርና ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ ለእናቴ ወሰደችልኝ። ሌላው ለእናቱ ወርቅ ይልካል፤ እኔ ከቆሻሻ የለቀምኩትን ሬት ላክሁ።

እናቴ ዙለይሃ ስልክ ላይ ተጫዋች ነበረች። ጁምዓ ጁምዓ እደውላለሁ።

«እማዬ፣ ሰዓዳ ነኝ» እላለሁ።

«የትኛዋ ሰዓዳ? የጅዳዋ ወይስ የእኔዋ?»

«ያንቺዋ» እላለሁ።

ይህን ሳንባባል ሌላ ወሬ አንጀምርም። ቀጥሎ የሬቷ ወሬ ነው። ስሟን ጅግራ ያለቻት እናቴ ናት። «ጅግራሽ ልጅ ወለደች። ትናንት ፍየሏ ልትቀምሳት ስትል በጫማ አባረርኳት። ዛሬ ደግሞ አበባ ሊመጣላት ነው መሰል አንገቷን አስግጋለች።» እኔ የሰው ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለውን ደጃችንን አየው ነበር፤ ከበሩ በስተግራ፣ ማንጠልጠያው የተሰበረ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ጅግራዬ። እነዚያ ጁምዓዎች ቢመለሱልኝ አላህን ሌላ ምንም አልጠይቀውም።

ከአራት ዓመት በፊት፣ በረመዳን በሦስተኛው ቀን፣ አባቴ ደወለ። አባቴ ዘይኑልአቢዲን ራሱ ደውሎ አያውቅም፤ ስሙን ስልኩ ላይ ሳየው ነው እናቴ እንደሞተች የገባኝ። ፓስፖርቴ አሠሪዬ ዘንድ ነበር። ስለምናት «ከዒድ በኋላ» አለችኝ። ከዒድ በኋላ ለቅሶው አልፎ ምን ልሠራ? ያን ዕለትም ለኢፍጣር ሾርባቸውን ሠርቼ አቀረብኩ፤ ጨው አብዝቼበት ኖሮ ተቆጡኝ።

ባለፈው ጥቅምት ጠቅልዬ ገባሁ። አባቴ ዛሬም አርዲቦ ዳር ነው፤ ከሐይቅ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በየሳምንቱ ሄጄ ልብሱን አጥባለሁ፣ ቤቱን አነሳለሁ፣ የእናቴን መቃብር ግን አላየሁም። ሴት መቃብር አትሄድም የሚሉ አሉ፤ እኔ እሱን ሰበብ አላደርግም። ካየሁት የምትሞት መስሎኝ ነው። ሳላየው እስከቆየሁ ድረስ ስልክ ያላነሳች ብቻ ትመስለኝ ነበር።

ከደጁም የቀለም ቆርቆሮው የለም። «ጅግራዬስ?» ስለው አባቴ «አለች» ይልና ወሬ ይለውጣል። ፍየል አስበልቷት ነው ብዬ ቂም ያዝኩበት።

በዚህ መሃል ውበቱ የሚባል የደሴ ሰው መጣ። ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነው። ፈሂማ ያኔ ለእናቴ ስታደርስ ያነሳችውን የጅግራዬን ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየሁት።

«ሌላውን የትም አገኘዋለሁ፣ እኔ የምፈልገው ይህን ነው። በግቢው ዙሪያ በሙሉ። በልግ ሳይገባ ታደርሽልኛለሽ?»

«አደርሳለሁ፣ ጋሼ ውበቱ» አልኩ። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

ሥራው ከመንገድ ዳር አንስቶ የራሴ ችግኝ ጣቢያ ሊያደርሰኝ የሚችል ነበር። ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን ጅግራዬን የፈለግኋት ለእሱ ብዬ አልነበረም። እኔ በእጄ የነካሁት፣ እናቴም በእጇ የነካችው፣ ዛሬም በሕይወት ያለ አንድ ነገር እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ማለዳ ጆንያና መኮትኮቻ ይዤ አባቴ ዘንድ ደረስኩ። አጥሩን እየጠገነ ነበር።

«ዛሬ ሳታሳየኝ አልመለስም፣ አባዬ። ደርቃም ከሆነ ደርቃለች በለኝ።»

ጆንያውን አየና «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ።

«ልጆቿን ልለይበት። የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ።»

የያዘውን እንጨት አስቀምጦ እጁን አራገፈ። «ነይ እንግዲህ» ብሎ ቀደመኝ።

ከባቄላው ማሳ አልፎ በቁልቋሉ አጥር በኩል ሽቅብ ሲታጠፍ ቆም አልኩ። ያን መንገድ አውቀዋለሁ፤ አያቶቼም የሄዱት በዚያ ነው።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«ጅግራዬ ጋ አላልሽም?» አለ፣ ዞርም ሳይል።

መቃብሩ አርዲቦን ቁልቁል ያያል። ከድንጋዮቹ መሃል የአገራችን ሬት እንደ ወትሮው ቆሟል። ቀረብ ስል ግን ነጠብጣብ አየሁ። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከዚህኛው ራስጌ አለች፣ ከዚያኛው ራስጌ አለች፣ ከታች ከዋርካው አጠገብም አለች። ጅግራ በጅግራ። አባቴ በስፋት ከሁሉ የምትበልጠው ጋ ሄዶ ቆመ። ቀይ አበባዋን አቁማለች።

«እናትሽ እዚህ ናት» አለ። «አንቺ መምጣት አልቻልሽም። ልጅሽ ራስጌሽ ናት ልላት ብዬ፣ አንቺ የላክሻትን ተከልኩላት።»

የጅግራዋን ቅጠል በእጄ ነካሁ። «የሌሎቹስ?» አልኩት።

«ሰው አይቶ ለመነኝ። ልጁ ዓረብ አገር ሆኖ ያልደረሰለት ሁሉ እየመጣ ከስሯ ልጅ ወሰደ። ይሄ የሀጀራ ባል ነው፤ ልጃቸው ሙሀይሚን ያኔ ሳዑዲ፣ ደማም ከተማ ነበር። ያቺ ደግሞ ዓረብ አገር ሆና ያልደረሰችላት የኑርሀያት እናት ናት። አሁን ይህቺን ሬት ያየ ሰው፣ እዚህ የተኛው ልጅ እንደቀረበት ያውቅና ዱዓ ጨምሮለት ያልፋል።»

እማማ ሀጀራ የማን መቃብር ላይ ነው የነቀልሽው ሲሉኝ ስቄ ነበር። እኔ ግን በእውነት ልነቅል ጆንያ ይዤ እናቴ ራስጌ ቆሜያለሁ። አፈርኩ።

«አምስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልብሽ እስኪያመጣሽ ብዬ ነው። ጅግራዋ አንቺ እስክትመጪ የቆመች ናት፤ ይኸው መጥተሻል። ነቅለሽ ለሰውዬው ስጭው። እናትሽ ቅር አይላትም።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከጅዳ ያልመጣሁት ፓስፖርት ስላልነበረኝ ነው። ከሐይቅስ? ባጃጅ ጠፍቶ ነው? አሠሪዬን አራት ዓመት ስረግማት ኖሬ፣ እነዚህን አምስት ወራት የከለከለኝ ማንም አልነበረም።

«አፉ በለኝ፣ አባዬ።»

«አብሽሪ ልጄ» አለ። «እኔ አልተቀየምኩሽም።»

«ጅግራዋ ትቆይ። እኔ ገና ዛሬ ነው የመጣሁት።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያ አናግሪያት» ብሎኝ ወደ ዋርካው ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

የጅግራዋን የደረቁ ቅጠሎች ከስር ከስር እየለቀምኩ ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። በመሃል ውበቱ ደወለ። «ጋሼ ውበቱ፣ ቃሌን አጥፌያለሁ። ያቺ ሬት የሚሸጥ ልጅ የላትም» አልኩት። አዝኖ ሌላ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ስልኩን ዘጋሁት። ከታች ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ቀኑ ጁምዓ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ ሰዓዳ ነኝ» አልኳት።

እንደ ልማዴ ትንሽ ጠበቅሁ። የትኛዋ ሰዓዳ ብሎ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

«ያንቺዋ» አልኳት።