የተገዘተው ኮክ

ከመካነ ሰላም ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚወርደው ተዳፋት ላይ አንዲት የማትነጥፍ ምንጭ ነበረች። በስልሳ አምስቱ ክፉ ዘመን በልግም ክረምትም አገሩን ከድተውት አፈሩ እንደ አመድ ሲቦን፣ ለምልሞ የሚታየው በዚያች ምንጭ ዙሪያ ያለው የቀኛዝማች ክንፈ ማሳ ብቻ ነበር። ላዩ የኮክ ዛፍ፣ ታቹ የበርበሬ መደብ። ያን ሁሉ የምታለማው ጭሰኛቸው አልታዬ ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ሁመራ እንደ ወረደ አልተመለሰም፤ እሷና ልጇ ሐረግ ብቻቸውን ቀሩ።

በርበሬ፣ ልጆቼ፣ እንደ ሕፃን ነው። ዘሩ በመደብ ተዘርቶ ሣር ይለብሳል፤ ጧት ማታ በቅል ውሃ እየጠጣ ያድጋል፤ ሐምሌ ሲገባ ችግኙ እየተነቀለ በጭቃው ይተከላል። አልታዬ ጎንበስ ብላ ስትተክል ችግኝ የምታቀብላት ሐረግ ነበረች። በዚያ ክረምት ግን ልጅቱ ማቀበሉን ትታ ከኮኩ ሥር ተኛች። እግሯ አብጦ ፊቷ የአሮጊት መስሏል። ቤታቸው ያለው ያምናው ዛላ በርበሬ ብቻ ነው። በርበሬ ደግሞ ያለ እህል ምን ይደረጋል? ከገበያም እህሉን በበርበሬ የሚለውጥ ጠፍቷል። ሳማ እየቀቀሉ ሰነበቱ፤ ሳማውም አለቀ።

ኮኩ ግን በስሎ ነበር። ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ አፍርቶ፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ሐረግ በጀርባዋ ተኝታ እሱን ታያለች።

ቀኛዝማች ረኃቡ ሲጠና ዘበኛ አላቆሙም። ከዘበኛ የሚበልጥ ያውቃሉ። የደብሩን ቄስ መምሬ አሻግሬን አስመጥተው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ ከዚህ ፍሬ የቀመሰ ውግዝ ይሁን አሰኙ። መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር ይላሉ የሰሙት። ከዚያ ወዲያ ዝንጀሮ እንጂ ሰው አልነካውም። ተገዝቶ የሞተ ፍትሐት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድም አይቀበርም ተብሎ ይፈራል። የቀኛዝማች አሽከር ፈንታሁን በቅሎ እየጫነ ደህና ደህናውን ለጌታው ይወስዳል፤ የቀረው ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ኑርጃን፣ የቁርኣን አስቀሪው ሼህ ሚስት፣ ልጅቱን ልትጠይቅ መጣች። አየቻት። ከዚያ ወደ ዛፉ ቀና ብላ፣ ግዝቱ የናንተ የክርስቲያኖቹ ነው፣ እኔን አይዘኝም አለች፤ አንድ ኮክ ቀጥፋ በሻሿ ጠረገች። ወደ ሐረግ አፍ ስታስጠጋው አልታዬ እጇን ያዘቻት።

«የቀጠፍኩት እኔ ነኝ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን» አለች ኑርጃን።

«የምትበላው እሷ ናት፣ እትዬ። በዚህ ዓለም ተርባብኛለች። በወዲያኛው ደግሞ ተለይታ አትቅርብኝ።»

«ወላሂ፣ አላህ ሕፃን አይቀየምም።»

አልታዬ እጇን አልለቀቀቻትም። ኮኳን ተቀብላ ከግንዱ ሥር አኖረቻት። ሐረግ አላለቀሰችም። ያቺን ኮክ ስታይ ዋለች፤ ሲነጋ ዓይኗ እንደዚያው እንደተከፈተ ሄደች።

አልታዬ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ፣ ኑርጃን እየደገፈቻት፣ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። መምሬ አሻግሬ እግር ላይ ወደቀችና፣ አልቀመሰችም፣ ምስክር አለኝ፣ አጸድ ትግባልኝ ብላ ለመነች። መምሬ ያልቀመሰችው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ኑርጃን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ክንዷን ያዙ።

«ልጄ፣ የተራበ ሕፃን ግዝት ይዞት አያውቅም» አሉ። «ምነው በጠየቅሽኝ።»

«አባ፣ ምነው ሲገዝቱ በተናገሩት።»

መምሬ ቀና አላሉም። ሐረግ አጸድ ገባች።

ኅዳር ሲሆን በርበሬው ቀላ። አልታዬ ለቀመችው፤ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አሰጣችው። በርበሬ የሚለቅም ሰው ዓይኑ ማልቀሱ አይቀርምና፣ ምን ሆነሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፤ በስልሳ ሰባት መሬት ለአራሹ ተባለ። ቀኛዝማች ሸሹ። የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ሊቀመንበር የሆነው ያው በቅሎ ጫኙ ፈንታሁን ነው። ካኪ ለብሶ፣ አዲስ ቃል ተምሮ መጣ። ሐምሌ ላይ ኮኩ እንደገና ሲበስል ሕዝቡን ከምንጯ ዳር ሰበሰበ።

«ይህ ዛፍ የሰፊው ሕዝብ ነው» አለ። «ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ፍሬውን የቀመሰ አድኃሪ ነው፤ ይታሰራል። አልታዬ፣ ለገዛ ልጅሽ እንኳ አለማቅመስሽን አገር ያውቀዋል። ጥበቃውን ላንቺ ሰጥተናል።»

ሰው አጨበጨበ። አልታዬ የበርበሬ ችግኝ ስትተክል ነበረች፤ እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው። ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም።

«ያኔ መስቀል ነበር የያዛችሁት፣ ፈንታሁን» አለችው።

ወደ ዛፉ ሄደች። ቅርንጫፉን ጎትታ የቀላውን ቀጠፈችና የኑርጃንን ልጅ ፈትሂያን ጠራቻት። ፈትሂያ የሐረግ እኩያ ነበረች። ልጅቱ ኮኩን ይዛ ዓይኗን ወደ ሊቀመንበሩ አነሣች።

«እሱን አትይ። እኔን እይ» አለቻት አልታዬ። «ብይ።»

ፈትሂያ ገመጠችው። ውሃው በአገጯ ወረደ። ፈንታሁን ታጣቂዎቹን ጠቀሰ፤ አንዱ ገመድ ይዞ ቀረበ። አልታዬ ጭቃ የለበሱ እጆቿን አጣምራ ዘረጋችለት፤ ዓይኗን ግን ከልጅቱ አፍ አልነቀለችም።

«እስክትጨርስ ብቻ ቆየኝ» አለችው።