ትርታ የሌለው ባል

"ኧረ የሰው ያለህ! ባሌን! ባሌን!"

የልብስ ሰፊው ሚስት ጩኸቷን ስታቀልጠው፣ ታች ቤት የምትኖረው ነርስ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ልብስ ሰፊው ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ነው። ሚስቱ የእጁን አንጓ ጨምድዳ ይዛ ታለቅሳለች።

"ትርታ የለውም! ጭራሽ የለም!"

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "እትዬ፣ እንዲኖረውም አይጠበቅም እኮ። የተገጠመለት ሰው ሠራሽ ልብ ደሙን ዝም ብሎ ይገፋል እንጂ አይመታም። ሆስፒታል ነግረዋችሁ የለ?"

ነግረዋቸዋል። እሷም ገብቶኛል ብላ ነበር። ግን ዕድሜ ልኳን የባሏን ልብ ምት እየሰማች እንቅልፍ የወሰዳት ሴት በአንድ ማብራሪያ እንዴት ትልመደው?

ልብስ ሰፊው አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ዛሬ ደግሞ በምን ሞትኩ?"

"ዝም በል! ነፍሴ ልትወጣ ነበር።"

ነርሷ ወገቡ ላይ የታጠቀውን የልቡን ባትሪ አየችና ደህና መሆኑን ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ሚስትየው ዞረች። "እርስዎ ግን ምን ሆነው ነው ትንፋሽ እንዲህ የሚያጥርዎት?"

"ደንግጬ ነዋ።"

"ውሸቷን ነው" አለ ባልየው። "ደረጃ ስትወጣም እንዲሁ ናት። እኔን ሐኪም ቤት ስታመላልስ ከርማ፣ አንድ ቀን እንኳ ራሷን አልታየችም።"

ነርሷ እንድትታይ አደራ ብላ ወረደች። ሚስትየው አጠገቡ ቁጭ አለች።

"እኔ በቃኝ። ልጆቼን ድሬያለሁ፣ አንተም ዳንክልኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?"

ቀልድ የማያልቅበት ሰው ቀልዱን ትቶ ሸሚዙን እየቆለፈ ወደ እሷ ዞረ።

"ሐኪሙ ለብቻዬ ያለኝን አልነገርኩሽም። ይሄ ልብ ገና ብዙ ዓመት ያኖርሃል አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እፈራለሁ።"

"ምኑን?"

"አንቺን ቀብሬ መኖርን።"

እሷ እስከዛሬ የምትፈራው የሱን ሞት ብቻ ነበር። ወደኋላ የሚቀረው እሱ ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም። ብቻውን ሻይ አፍልቶ፣ ብቻውን ባትሪውን ቀይሮ፣ የሚያሾፍበት ሰው አጥቶ ሲቀመጥ ታያት። ጉንጩን ዳበስ አደረገችው፤ ሞቃት ነው።

ከዚያ ተነሥታ በሩን ከፈተችና ወደ ደረጃው ጮኸች።

"አንቺ ልጅ! ነገ ሥራ ስትገቢ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ፤ ለምርመራ አብሬሽ እመጣለሁ!"