አንሶላ አይቶ ሆቴል መምረጥ

ከሽንፋ እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ እንደ እኔ ሆቴል መምረጥ የምታውቅ ሴት ልጅ የለችም። ሆቴል አድሬ አላውቅም እንጂ ማወቁንስ አውቃለሁ። ዝናብ ሊመጣ መሆኑን ለማወቅ ደመና መሆን ያስፈልጋል እንዴ?

ዘዴዬ ቀላል ነው። በሩ ላይ የተጻፈውን አላነብም፤ ጽሑፍ ይዋሻል። የማየው የልብስ ገመዱን ነው። አንሶላው ነጭ ሆኖ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ፣ እዚያ ቤት የሚያስብ ሰው አለ። የሚያስብ ሰው ካለ ደግሞ በሩም ይቆለፋል። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ሰሊጥ ታበጥር ነበር። ወንፊቷን አቆመችና አየችኝ።

"ስርጉት፣ የጎንደር መኪና ከገንዳ ውኃ የሚነሳው በጠዋት ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻሽን ማደርሽ ነው። ደህና ቦታ አግኝተሽ ከደወልሽልኝ ትሄጃለሽ፣ ልብስ ስፌትሽንም ትማሪያለሽ። የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ ግን በነጋታው ወንድምሽን ልኬ አስመልስሻለሁ። ስፌቱም በዚያው ይቀራል።"

"ትሰሚያለሽ፤ የምትሰሚው ግን ደህና ነገር ነው" አልኳትና ቦርሳዬን አነሳሁ።

ገንዳ ውኃ የደረስኩት ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሙቀቱ ለጉድ ነው። አስፋልቱ ላይ ውኃ የተኛ ይመስላል፤ ሲጠጉት ይሸሻል። ከመተማ የሚመጡት ከባድ መኪኖች በዚያ ውኃ ውስጥ እየዋኙ ብቅ ይላሉ። የሰሊጥ አጨዳ ስለሆነ ከጎጃምም ከወሎም የመጣው ቀን ሠራተኛ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በየጥላው ተኝቷል። በመሃላቸው ሳልፍ የእነሱን እንቅልፍ እኔ የምተኛላቸው መሰለኝ፤ ነቅቼ ልሁን ተኝቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሆቴል ገባሁና "አልጋ አለ?" አልኩ።

"ከማን ጋር ነሽ?"

"ብቻዬን።"

ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ቁልፍ አነሳ። ገመዱን ዞር ብዬ ሳይ አንድ ፎጣ ብቻ ተሰቅሏል፤ ቀለሙ ምን እንደነበር እግዜር ይወቀው። ወጣሁ። ሁለተኛው በር ላይ ጎረምሶች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"ቆንጆ፣ ብቻሽን ነሽ?"

"ከአምላኬ ጋር ነኝ፤ ለእናንተ ቦታ የለም!"

አፌ እንዲህ ይላል፤ እግሬ ግን ፈጥኗል።

ያኔ ነው ያየሁት። ከቆርቆሮ አጥር በላይ ነጭ ነገር ተነፈሰ። ሃያ ይሁን ሠላሳ አንሶላ፣ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አብረው ሆዳቸውን ይነፋሉ፣ ነፋስ ሲሄድ አብረው ቀስ ብለው ይወርዳሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገባሁ። በአንሶላዎቹ መካከል ስሄድ የመኪናው ጩኸት ጠፋ፣ ብርሃኑ ወተት ሆነ። አንዱን አንሶላ ስገልጥ ሌላ አንሶላ፣ እሱን ስገልጥ ሌላ። ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ሞቼም ከሆነ ደህና ቦታ ነው የደረስኩት አልኩ።

መጨረሻው አንሶላ ሲገለጥ ቢጫ ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች ልብስ፣ የተከናነቡ ሴትዮ ትልቅ ሳፋ ፊት ተቀምጠው አየሁ። እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ነው።

"ባለቤቷ እርስዎ ነዎት? አልጋ ፈልጌ ነበር። በሩ ከውስጥ የሚቀረቀር። ዋጋው ደግሞ የሰው ይሁን፤ ወቅቱ የሰሊጥ ነው ብለው እንዳይቆልሉብኝ።"

"ሌላስ?" አሉ።

"መስኮቱ ወደ መንገድ እንዳይሆን።"

"ወላሂ፣ ደህና አስበሻል።" እጃቸውን አራገፉ። "አንች ልጅ፣ ይኸ እኮ የእኔ የሙባረካ ቤት ነው። ልብስ አጣቢ ነኝ። አንሶላው የአምስት ሆቴል ነው።"

ፊቴ ጋለ። "አውቄ ነው፤ ልፈትንዎ ብዬ ነው" አልኩ።

"ታዲያ አለፍኩ ወደቅኩ?" አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ከዚያ ከሳፋው አጠገብ ተነስተው የአንዱን አንሶላ ጥግ አሳዩኝ። ቀይ ክር ተሰፍቶበታል። የየሆቴሉ ክር ለየብቻ ነው፤ አለዚያ ይደባለቅባቸዋል።

"ነጭነቱን አይተሽ ነው የመጣሽው አይደል? ነጭነቱ የእኔ ነው እንጂ የእነሱ አይደለም። እስኪ ጥጉን እይው።"

ጥጉ ተጠምዝዟል። እንደ ገመድ ሆኖ ደርቆ፣ ታጥቦም አልተፈታም።

"ምን ሆኖ ነው?"

"መቀርቀሪያ የሌለው በር በምን ይታሰራል? አንዲት ሴት ሌሊቱን ሙሉ በሩን በአንሶላዋ አስራ አድራለች። ከዚህ ሆቴል በየሳምንቱ አንድ ሁለት እንዲህ የተጠመዘዘ አይጠፋም።"

ክሩን ደግሜ አየሁት። የመጀመሪያው ሰውዬ ቁልፍ ያነሳበት ቤት ይሆን አይሆን አልጠየቅሁም። አንሶላው በነፋስ ፊቴን ነካኝ፤ ያችን ሴት በር ላይ ቁጭ ብላ ጥጉን ስትጎትት አየኋት። እናቴም ትዝ አለችኝ። ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ማዘንበል ጀምራለች።

"እትዬ፣ የት ልደር ታዲያ?" አልኩ። ድምፄ ሲቀጥን ራሴ ሰማሁት።

"አረንጓዴ ክር ያለው የጸዳለ ነው። ማታ በሩን የምትዘጋው ራሷ ናት። ግን ወቅቱ ነው፤ ሞልቶባት ይሆናል። በይ እኔ ሰግጄ እስክወጣ የደረቀውን እጠፊልኝ፤ አብረን እናደርስላታለን።"

እሳቸው ገቡ፤ እኔ ማጠፍ ጀመርኩ። ጫፍና ጫፍ ሳገናኝ ጎንደር ነኝ። የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጫለሁ፤ ነጩ ጨርቅ ከመርፌው ሥር እየፈሰሰ ይወጣል፣ ክፍሉን ይሞላል፣ በመስኮት ይወርዳል፣ ሽንፋ ወንዝ ድረስ ይሄዳል። እናቴ ወንዙ ዳር ቆማ ጫፉን ትይዝና "ማን ሰፋው?" ትላለች። ስባንን አረንጓዴ ክር ያላቸው አንሶላዎች የተሰጡበት ገመድ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፤ አንድም አላስቀረሁ።

ክምሩን ተሸክሜ ከእትዬ ሙባረካ ኋላ ወጣሁ። የቅድሞቹ ጎረምሶች እግራቸውን ሰበሰቡ። "እንዴት ዋሉ፣ እትዬ!" አሉ። ብቻሽን ነሽ ወይ ያለኝ የለም።

እትዬ ጸዳለ ወፍራም ናቸው፤ ቁልፎቹን በአንገታቸው አንጠልጥለዋል። ገና ሲያዩኝ፣ "ሞልቷል" አሉ።

ልቤ ከነክምሩ ወረደ።

"የእኔ ልጅ ናት" አሉ እትዬ ሙባረካ።

"ደሞ መቼ ወለድሻት?"

"ዛሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

እትዬ ጸዳለ ሳቁና ከራሳቸው ክፍል ቀጥሎ ያለውን በር ከፈቱ። ለሴት ብለው የሚያስቀሩት ነው፤ ለወንድ በእጥፍም አይሰጡት። ዋጋውን ሲነግሩኝ ለመከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ከያዝኩት ያንሳል፤ ዘጋሁት። መቀርቀሪያው ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ቀርቅሬ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት።

አንሶላውን ከክምሩ ላይ አንስቼ ራሴ አነጠፍኩትና ለእናቴ ደወልኩ።

"በሩስ?" አለች።

"ብረት ነው፣ እማ። ባለቤቷም ጎኔ ናቸው።"

"በይ ጠዋት መኪናው እንዳያመልጥሽ።"

ስልኩን ዘግቼ ተጋደምኩ። የሚገርም ነው! ቆላው ሁሉ እየነደደ ይህ አልጋ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ከጀርባዬ ገብቶ እስከ ጣቶቼ ወረደ። ሽንፋ ወንዝ ላይ በጀርባዬ የተንሳፈፍኩ መሰለኝ። እትዬ ጸዳለ የመታጠቢያ ውኃ ይዘው ሲገቡ ዓይኔን ሳልከፍት፣

"እትዬ፣ አልጋ ማለት ይኸ ነው! ሙቀት ያልነካው። እኔ እኮ ስመርጥ አልሳሳትም" አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አንሶላውን ዳሰሱ።

"እርጥብ ነው እኮ፣ አንች! ሳይደርቅ የቱ ደንቆሮ ነው ያጠፈው? ተነሽ፣ ፍራሼን አበሰበስሽው!"