ለማዳም የተጠና እንግሊዝኛ

ራትሪ እንግሊዝኛ የምታጠናው ለፈተና ማርክ ብላ አልነበረም። እናቷ ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ከተቀጠረች ዓመታት አልፈዋል። በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትላት፣ መልሷ ሁሌም «ማዳም አልለቀቀችኝም» ነው። በኢድ ጠዋት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የመንደሩ ልጆች እናታቸው ጉልበት ላይ ተደፍተው ይቅርታ ሲለምኑ፣ ራትሪ አያቷ ጉልበት ላይ ትደፋለች። አያት እናት አይሆንም፤ ይህን ለማወቅ አምስተኛ ክፍል መድረስ እንኳ አያስፈልግም። ስለዚህ ማዳምን ራሷ ልትለምናት ቆረጠች።

መምህሯ ቡ ዌኒንግ — ‹ቡ› እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው — ነገሩን ታውቃለች።

«የእኛ ቋንቋ ሰነፍ ነው» አለች አንድ ቀን፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እየጻፈች። «ትናንት ብበላም ነገ ብበላም ያው ‹ማካን› ነው። እንግሊዝኛ ግን ጊዜው በተለወጠ ቁጥር ልብስ ይቀይራል።»

«ሀብታም ነዋ፣ ቡ» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራትሪ ብቻ አንገቷን ደፍታ ትገለብጥ ነበር።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱ እየቀሩ ልመናውን ቃል በቃል አጠኑት። ኢድ ሲቃረብ አያቷ ቤት ተቀምጠው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍተው፣ ከእናቷ የሥራ ውል ላይ ባገኙት ቁጥር ማዳም ጋ ደወሉ። ራትሪ ምንም ሳትንተባተብ ለመነች።

ማዳም ቀስ ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ልጄ፣ እኔ በየዓመቱ እረፍት እሰጣታለሁ። አልሄድም የምትለው እሷ ናት። እዚህ ሌላ ኑሮ ይዛለች» አለቻት።

«ምን አለች?» አሉ አያት፣ ስልኩ እንደተዘጋ።

«ዘንድሮ ሥራ በዝቷል፤ ለከርሞ እልካታለሁ አለች፣ አያቴ።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔስ ሴትዮዋን ስንት ዓመት በከንቱ ስረግማት ኖርኩ» አሉና፣ ለመምህሯ ሙዝ ሊጠብሱ ወደ ጓዳ ገቡ።

ምነው ባላስተማርኳት፣ አለች ቡ ዌኒንግ በልቧ። ይቺ ልጅ እንግሊዝኛ ባታውቅ ኖሮ ዛሬም እናት ነበራት።

ራትሪ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት። «ቡ፣ የእኔ እንግሊዝኛ ገና ነው አይደል?» አለች፣ አያቷ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዳንዱ ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል።»

መምህሯ መዋሸት ፈልጋ ነበር። ልጅቷ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

«ገብቶሻል፣ ልጄ» አለቻት። «ሁሉም ገብቶሻል።»