የዳኛዋ ምስክርነት

ግሬታ በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ ፍርድ ቤት የዳኛ ኦስተርማን የሕግ ረዳት ሆና ዓመት ሙሉ ሠርታለች፤ ውሳኔ ማርቀቅን የተማረችው ከእሳቸው አጠገብ ተቀምጣ ነው። የሥራ ዘመኗ ሊያልቅ ሲል እዚያው ከተማ ላለ አንድ ትልቅ የጠበቆች ድርጅት አመለከተችና ለቃለ መጠይቅ ተጠራች።

ጠያቂዋ ጨዋታ አዋቂ፣ ሸምገል ያለ ጠበቃ ነበር። «በይ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አላት፤ «ያንን ብዙ የተወራለትን የወረቀት ፋብሪካ ክስ ውሳኔ ማን ነው የጻፈው? አሮጊቷ ናቸው ወይስ አንቺ?»

በዳኛዋ ቢሮ የተባለ ነገር እዚያው እንደሚቀር ግሬታ ቃል ገብታ ነበር። ሥራውን ግን በጣም ፈልጋዋለች። «እኔ ነኝ። እሳቸው ኮማ ብቻ ነው ያረሙት» አለች። ውሸት ነበር፤ ዳኛዋ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ አስጽፈዋታል። ሰውየው ከልቡ ሳቀ፤ እሷም አብራው ሳቀች።

በሳምንቱ ዳኛዋ ፈገግ ብለው ጠሯት። «ከድርጅቱ ስላንቺ ሊጠይቁ ደውለውልኝ ነበር። ምስጢር ጠባቂ ናት፣ እንደ ልጄ አምናታለሁ አልኳቸው። ወስደውሻል፤ እንኳን ደስ አለሽ።»

ግሬታ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «አመሰግናለሁ፣ ክብርት ዳኛ» የሚል ብቻ ነበር።

አዲሱ ቢሮዋ ከፍርድ ቤቱ መንገድ ማዶ ነው። የገና በዓል በመጣ ቁጥር ዳኛዋ ምሳ ይጋብዟታል፤ እሷም ሥራ በዝቶብኛል እያለች ትቀራለች። ለአዳዲሶቹ ረዳቶቻቸው ስሟን እያነሱ እንደሚያመሰግኗት ግን ዛሬም ትሰማለች።